በሰገነቱ የሚያልቀው ጥራዝ

ጠራዧ በሌላ ነገር ሁሉ አንገቷን የምትደፋ ሴት ናት። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሰው ትዳር ቢጠይቋት «እኔ ምን አውቄ» ብላ ወደ ሙጫዋ ትመለሳለች። በአንድ ነገር ግን ማንም አይረታትም፤ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አውቃለሁ ትል ነበር። በሰባት ዓመቷ አባቷ ሱቁን ከዘጋ በኋላ እዚያው ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧት፣ ከአንድ ወፍራም ጥራዝ በየምሽቱ አንድ አንድ እጥፋት ያነብላት ነበር። እጥፋት የሚሉት ጠራዦች ከሌላው ጋር ሰፍተው መጽሐፍ የሚያደርጉትን የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ያ መጽሐፍ አሥራ ዘጠኝ ነበረው። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት አልፏል፤ እሷ ግን የሰማችውን አልረሳችም።

ሱቁ ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ያለ ስለሆነ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። አባቷ ሲያነብ ልጅቱ ዓይኗን ከእነዚያ እግሮች አትነቅልም ነበር። አንዱ ነጠላ ጫማ የሐዋርያ ይሆናል፣ አንዱ ቦት ጫማ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ይሆናል፣ አንዱ የሚጎተት እግር ከጉባኤ የሚመለስ አረጋዊ ጳጳስ ይሆናል። ቀስ እያሉ ደረጃውን ወርደው ይገባሉ። በወረቀት እስሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሙጫው ሽታ አፍንጫቸው ውስጥ ገብቶ አንዳንዶቹን ያስነጥሳቸዋል። አባቷ አያያቸውም። እሷ ግን ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅላቸው ነበር።

ከሁሉም የምትወዳቸው አንድ ዓይና አባቶችን ነበር። ወደ ታላቁ ጉባኤ ሲመጡ አንዱ አንድ ዓይኑ የለም፣ አንዱ እጁ ተኮማትሯል፣ አንዱ ያነክሳል። «አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?» ብትለው «ቆይ፣ ይመጣል» አላት። እውነትም ከጥቂት ምሽቶች በኋላ የስደቱ ዘመን መጣ፤ በዚያም መጀመሪያ ላይ አባቶቹ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፣ እጃቸውም ደኅና ነው። ልጅቱ በልጅ አእምሮዋ አሰበችና ደመደመች፤ አባቶቹ እየዋሉ እያደሩ ተፈውሰዋል። በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ሁሉም በአንድ ሰገነት ተሰብስበው በአንድ ልብ ይጸልያሉ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። እናቷ ከሞተች ገና ሦስት ወሯ ነበር። የቆሰለ ሁሉ አንድ ቀን ደኅና ሆኖ አንድ ቤት ይሰበሰባል ብላ አመነች፤ ለማንም ሳትናገር ያንኑ ይዛ አደገች።

በአርባ ስምንት ዓመቷ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለሚሰጥ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ተመዘገበች። የዚያን ትምህርት ቤት የመመረቂያ ጽሑፎች የምትጠርዘው እሷ ናት፤ ሽፋን ስታለብስ ገለጥ እያደረገች ማንበብ ለምዳ፣ ንባቡ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ከርሟል። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት የሆነው አባቷ ሲሰማ ሳቀ።

«ምን ልትማሪ? የቀረሽ ነገር አለ እንዴ?»

«የምስክር ወረቀቱን ላግኝ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«መምህሩን እንዳታስቸግሪው ብቻ» አላት። ኩራቱ ከፊቱ አልጠፋም።

መምህሩ ቀጭን፣ ቃሉን እየመዘነ የሚያወጣ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ክርስትና ቀስ በቀስ ተስፋፋ፣ ክርክሩ ቀስ በቀስ ከረረ፣ እናንተም ቀስ በቀስ ተቀመጡ ይላልና። በመጀመሪያው ቀን «ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአጭሩ የሚነግረን አለ?» ሲል፣ በሕይወቷ በሰው ፊት እጇን አውጥታ የማታውቀው ሴት እጇን አወጣች።

ቆማ ጀመረች። መጀመሪያ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው እንደ ተለያዩ ተናገረች። ከዚያ ሥዕል የሚሰብሩትና ሥዕል የሚደብቁት መጡ። ከዚያ በኬልቄዶን ተጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው በኒቅያ ተስማሙ። ዓይኗን ጨፈነች። የክፍሉ ወንበሮች ሄዱ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ፣ ሙጫ ሸተታት። ንጉሠ ነገሥቱ ሰላም አወጀ፤ ቀጥሎ ስደቱ መጣ፤ ሰማዕታቱ እየዘመሩ ሄዱ፤ በመጨረሻም ሰገነቱ። «ሁሉም በአንድ ልብ ሆነው» ብላ ዓይኗን ገለጠች።

ከኋላ የተቀመጠው ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህታችን፣ ማርሹ የኋላ ገብቶ ነው እንዴ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሃያ ሰው በአንድ አፍ ሳቀ። እሷ አሁንም አልገባትም፤ «መጽሐፍ ላይ ያለ ነው!» ብላ ተከራከረች። አንዱ ከጎን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲል ሰማችው። መምህሩ ሳይስቅ ሰሌዳው ላይ ዓመቶቹን በተራ ጻፈ። ሰገነቱ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ስደቱ፣ ከዚያ ጉባኤው፣ ታላቁ መለያየት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረት ደግሞ ወደ ኋላ አይሄድም። መጽሐፉ ላይ ዓመት አልነበረም ወይ ለሚል፣ ነበረ፤ አባቷ ግን ቁጥር ልጅ ያስተኛል ብሎ ይዘለው ነበር፤ እሷም የሰማችው በቅቷት መጽሐፉን ራሷ ገልጣ አታውቅም። ጠራዧ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሲወጡ መምህሩ ለብቻዋ ጠራት።

«ከየት ነው የተማሩት?»

«ከአባቴ። ጠራዥ ነው። ራሱ የሰፋው መጽሐፍ ቤታችን አለ፤ በእጥፋት በእጥፋት የታተመ፣ እያንዳንዱ እጥፋት ገጹ ከአንድ የሚጀምር።»

የመምህሩ ዓይን በራ። ያንን እትም ሲፈልግ ኖሯል፤ አሁን የትም የለም። «ምነው አባትዎን ብናያቸው!» አለ። ለወትሮው ቀስ በቀስ የሚለው ሰው ግን ያን ቀን ቸኮለ። የሱቁ ስልክ ቁጥር በተጠረዙት የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ስለነበር፣ እሷ በአውቶቡስ እቤት እስክትደርስ ደውሎ ሽማግሌውን ጋብዞታል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጽሐፉን ይዞ መጥቶ፣ መጽሐፍ በእጅ እንዴት እንደሚሰፋ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ።

አባቷን ሱቁ መሐል ቆሞ አገኘችው።

«ተጠራሁ!» አላት። «እኔ፣ ትምህርት ቤት! ጫማዬን ጥረጊልኝ። ሐሙስ ፀጉሬን እስተካከላለሁ። በሃምሳ ዓመት ሥራ አንዲት ወረቀት ከቦታዋ ያላፈለሰ ሰው ይህ ነው ትያቸዋለሽ።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማት ኖራለች። ዓይኑ ሲጠፋ፣ ሥራው ከእጁ ሲወጣ፣ የቀረችው ያቺው ነበረች።

ሽማግሌው ጋደም ሲል መጽሐፉን አወረደችና ደብተሯ ላይ ከገለበጠችው ተራ ጋር አስተያየችው። የመጨረሻው እጥፋት መጀመሪያ ገብቷል፤ የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ተሰፍቷል፤ የመሐሉ ወዲያና ወዲህ ነው። ማውጫ የለው፣ ተከታታይ ቁጥር የለው፣ ካላነበቡት አይታወቅም። እንግዲህ ጉድ ፈላ። ቅዳሜ ሃያ ሰው መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበለዋል፤ ያ ትራፊክ አንድ ቀልድ ይጥላል፤ ዓይነ ስውሩ አባቷም በሰው መሐል ቆሞ ሲሳቅበት ይሰማል። ይህን ስታስብ ነበር ሌላው የመጣባት። አንድ ዓይና አባቶቹ አልተፈወሱም ማለት ነው። ደኅና የነበሩት ናቸው የቆሰሉት። ሰገነቱም ላይ የነበሩት ኋላ ተበታተኑ። በአርባ ስምንት ዓመቷ ቁጭ ብላ ለእነዚያ አባቶች አለቀሰች፤ በአባቷም ተናደደች፤ በመናደዷ ደግሞ አፈረች።

ልንገረው ብላ አሰበች፤ ሦስት ቀን አፏን ከፍታ ሦስት ቀን ዘጋችው። በመጨረሻ የእጇ ሙያ መላ ሰጣት። ፈትታ፣ በትክክለኛው ተራ ደርድራ፣ በዚያው ሽፋን መልሳ ብትሰፋው ማን ያውቃል? እሱ አያይም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሽማግሌውን እጁን ይዞ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወሰደው። እዚያ ከገባ በወሬ ማምሸቱ የታወቀ ነው። ጠራዧ በሩን ገፋ አደረገችና ሽፋኑን አላቀቀች። ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሰች አሮጌውን ሙጫ ፋቀች። ክሩን በቀጭኗ ቢላ ቆረጠችው። እጥፋቶቹ አንድ በአንድ ላላ እያሉ ጠረጴዛው ላይ ወረዱ፤ ከሰገነቱ እስከ መለያየቱ ደረደረቻቸው። እግሮች በመስኮቱ ያልፋሉ፤ ያን ቀን ማንም አልገባም። ታሪኩ በተራው ሲቀመጥ እንግዳ ሰው ቤት የገባች ያህል ተሰማት፤ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፣ የሚያውቃት ግን የለም። አሥራ ዘጠኙን አንድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ እየጠበጠበች አስተካከለች።

በዚህ ጊዜ የአባቷ ምርኩዝ ደረጃው ላይ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ታሞ ኖሮ ዘግቷል። ልብስ ሰፊው እደጃፉ አድርሶት ወደ ሥራው ሄደ።

ሽማግሌው ገብቶ በሩ ላይ ቆመና አፍንጫውን አነሣ።

«የራሰ ሙጫ ሸተተኝ» አለ። «የቆየ ሙጫ ነው። የኔ ሙጫ ነው።»

በመዳፉ ጠረጴዛውን እየዳሰሰ መጣ፤ ባዶውን ሽፋን አገኘ፣ የተቆረጠውን ክር አገኘ፣ ክምሩን አገኘ። ጣቶቹ ልል በሆነው ጀርባ ላይ ቆዩ።

«ፈታሽው?»

«አባዬ፣ ቅዳሜ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ተራው… ሲሰፋ ተሳስቶ ነበር። አላወቅክም እንጂ…»

«አውቃለሁ» አላት።

ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ክሩን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ ተናገረ።

«ያኔ የምትሰበስበው እናትሽ ነበረች። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ዘጠኙን ክምር በተራ ትደረድርና፣ ከዚያኛው ጫፍ ወደዚህኛው እየሄደች ከየክምሩ አንድ አንድ ታነሣለች። እኔ እሰፋለሁ። እሷ የሰበሰበችውን መልሼ አይቼ አላውቅም፤ ምን ቆርጦኝ! ተሳስታ አታውቅም። ያን ሰሞን ትኩሳት ይዟት ነበር። ተኚ ብላት ‘ይህቺን አንዷን ሰብስቤ’ አለችኝ። ከተሳሳተው ጫፍ መጀመሯን አላየሁም። መሐል ላይ ደክሟት ተቀመጠች፤ ተነሥታ ደግሞ ከሌላ በኩል ቀጠለች። እኔም ሰፋሁት። በማግስቱ ከአልጋ አልተነሣችም።»

«አባዬ…»

«ሌሎቹን ቅጂዎች ከቀብሩ በኋላ እኔው ሰበሰብኩ። ደንበኛው መጥቶ ያቺን አንዷን ገለጠና ‘ማነው ያበላሸው?’ አለ። ‘እኔ ነኝ’ አልኩት። ትቷት ሄደ። ፈትቼ ላስተካክላት ቢላ አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለ። እጇ መጨረሻ የነካው ሥራ ነው እኮ። ለአንቺም እንዳለ አነበብኩልሽ።»

ጠራዧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለአርባ አንድ ዓመት ያልተፈታውን የእናቷን እጅ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ቢላዋ ፈታችው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። «ለምን አልነገርከኝም?» ብላ ጮኸች።

«ምን ብዬ? እናትሽ ተሳሳተች ብዬ? አንቺስ በዚያ ስሕተት ተጽናንተሽ አልነበር? መጽሐፉ ያለቀ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅሺ ተኛሽ።»

አንድ ሰው በመስኮቱ በኩል እየሮጠ አለፈ።

«ተራውን ታስታውሰዋለህ?» አለችው።

«እኔ? ያኔ ያነበበው ዓይኔ ነው፤ ልቤ እዚህ አልነበረም። አንዷንም አላስታውስ።»

ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ተነሣች። ታሪኩን በዚያ ዓይነት ያጠና ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሷ ናት። «እኔ አስታውሳለሁ» አለች።

ክምሩን በተነችው። የተለያዩት ፓትርያርኮች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ደረጃውን ወረዱ፤ እጥፋታቸውን አስቀመጠች። ሥዕል ሰባሪዎቹ ተከተሉ፤ ሥዕል የሚደብቁት ሴቶች ከበስተኋላቸው በእግራቸው ጫፍ ገቡ። ሽማግሌው እያንዳንዱን በመዳፉ እየነካ «ከዚያስ?» ይላታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። ጉባኤው መጣ፤ አንድ ዓይናዎቹ ወረቀት እስሩ ላይ ተቀመጡ፣ አንዱ አስነጠሰ። ስደቱ መጣ፤ ዓይናቸው በራ። ሐሰት እንደሆነ ታውቃለች፤ ዓመቶቹ ደብተሯ ላይ አሉ። ግን የታመመች ሴት በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ በዚህ መንገድ ሄዳለች፣ ይህ ደግሞ እውነት ነው። ጠራዧ እርምጃዋን ተከትላ ሄደች።

አሥራ ሰባት ላይ ቆመች። ሁለት እጥፋት እጇ ላይ ቀረ፤ መነኮሳቱ ወደ በረሃ የወጡበትና መጻሕፍት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተመለሱበት። ቦታቸው መሐል ላይ እንደሆነ ታውቃለች። የትኛው እንደሚቀድም ግን አታውቅም፤ በእነዚያ ሁለት ምሽቶች ጆሮ ደግፍ ይዟት ጆሮዋ በጨርቅ ተጠምጥሞ ተኝታ ነበር፤ ሰሞኑን ስታስተያየውም መሐሉን በጥድፊያ ነበር ያለፈችው።

«አንተስ ያን ጊዜ ብቻህን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ። ለባዶ ቤት ነው ያነበብኩት» አለና ሁለቱን ተቀብሎ በሁለት እጁ መዘናቸው። «እዚህ መሐሉ ጋ ነው የደከማት። ምን ታውቂያለሽ፣ እዚህ ላይ ይሆናል የተቀመጠችው።» መልሶ ሰጣት። «አስገቢ። ይህቺ ያንቺ ትሁን።»

መነኮሳቱን አስቀደመች። ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። መርፌው ላይ ክር አግብታ ሰጠችው፤ ሽማግሌውም ቀዳዳዎቹን በጥፍሩ እየፈለገ፣ እሷ እየያዘችለት፣ እስኪመሽ ሰፋ።

ቅዳሜ ጫማው ተወልውሎ፣ ፀጉሩ ሳይስተካከል ሄደ። ትርፍ ወረቀት ይዞ አሠራሩን ሲያሳይ ትራፊኩ የክሩን ጫፍ እንዲይዝለት ታዝዞ፣ ምላሱን ነክሶ እንደ ትጉህ ተማሪ ያዘ። ከዚያ መጽሐፉ ወጣ። መምህሩ ቀስ በቀስ ገለጠው፤ አንዱ ጋ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ መጨረሻውን አየ። ቀና ብሎ ጠራዧን ተመለከታት። ገብቶታል፤ ከንፈሩን ገጠመ። ትራፊኩ ግን በትከሻው በኩል ብቅ ብሎ ያይ ነበር።

«መምህር፣ መጀመሪያው እኮ መጨረሻ ላይ ነው!» አለ፤ ያን ቀን ተንኮል አልነበረበትም። «ማነው የደረደረው?»

ጠራዧ «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ክንዷን ያዛትና ተነሣ። ምርኩዙን ለትራፊኩ ሰጠው።

«ባለቤቴ ናት» አለ። «የሰበሰበችው የመጨረሻዋ መጽሐፍ ናት። ታማ ነበር።»

ከዚያ ስሟን ጠራ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለልጁ «እናትሽ» ከማለት በቀር ያንን ስም ባፉ አላነሣውም ነበር። አሁን ሃያ ሰው በሚሰማው ድምፅ ጠራው። አጠራሩ የሞተ ሰው ስም የሚናገር ሰው አጠራር አልነበረም፤ ሥራ ይዛ የዘገየች ሚስቱን ከጓዳ ነይ ብሎ የሚጣራ ይመስል ነበር። ጠራዧም ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች።